ዜሮ የሰጠሁት አፍ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት የጤና ጣቢያው ባልደረቦቼ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ። ከእንግዲህ የትም በሰዓቱ መድረስ ለሌለባት ሴት ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ከካርድ ክፍል አንዷ «ሲስተር፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ጥርስ ነቅለዋል?» ብላ ጠየቀችኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የነቀልኩትን ቆጥሬ አላውቅም። ቤቴ ቁጭ ብዬ የማስበው ከፍቼ ስላላየሁት አንድ አፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በኬክ መሐል የሚወራ ነገር አይደለም።

ሙያዬ የጥርስ ቴራፒስት ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። የታመመ ጥርስ እነቅላለሁ፣ የተቦረቦረ እሞላለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን ወደ ትልቅ ሆስፒታል እልካለሁ። ሕዝቡ ነጭ ጋውን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ስለሚል እኔም ሲስተር ሆኜ ዕድሜዬን ጨረስኩ። የመጀመሪያ ምድቤ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ነበር። የጥርስ ክፍሉ ወንበር ከፀጉር አስተካካይ የተገዛ ስለነበር በሽተኛው ሲፈራ ወንበሩ ይዞራል፣ እኔም ጉጠቴን ይዤ አብሬ እዞራለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩና ቂርቆስ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ሥራውን ግን ወደድኩት።

ሥራውን ያስወደዱኝ ጋሽ ንጋቱ ናቸው። የጥርስ ክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገረኛ ሰው። እኔ የተማርኩትን በስድስት ወር አስረሱኝና እንደገና አስተማሩኝ። ከሁሉ አስቀድሞ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ፤ ለንጽሕናማ ቀዝቃዛውም ይበቃ ነበር። «ቀዝቃዛ እጅ የነካው ሰው አፉን ይከፍትልሽ ይሆናል፣ ጉሮሮውን ግን ይዘጋብሻል» ይሉ ነበር። ውሃ ማሞቂያው በተበላሸ ጊዜ ከቤታቸው በፔርሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር።

መንቀልንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ጥርስ የሚነቀለው በመሳብ ይመስለዋል። መጀመሪያ ጉጠቱን ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ መግፋት ነው፤ ከዚያ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ በዝግታ፣ አጥንቱ ራሱ እስኪለቅ። ክርን ከጎን አይርቅም። የግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ድዱን ከሁለት ወገን ይዘው ሥሩ ሲንቀሳቀስ ያዳምጣሉ። «ጉልበት የሚጠቀም ያላዳመጠ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ስቸኩል ክርኔን በእስክሪብቶ መታ ያደርጉታል።

ከልማዳቸው ሁሉ የማይረሳኝ ግን ቆሎው ነው። በጋውናቸው የቀኝ ኪስ የሽምብራ ቆሎ ጠፍቶ አያውቅም። ጠዋት ወረፋው ሲረዝም ወደ መተላለፊያው ይወጡና «እስኪ ያዙ፣ ዛሬ ቀኑ ረጅም ነው» እያሉ ለተቀመጠው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ያድሉታል። አዲስ ሆኜ ሳይ ደግነት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት መንጋጋ ነው። ማን በአንድ ወገን ብቻ እንደሚያኝክ፣ ማን በምራቁ አርሶ እንደሚውጠው፣ ማን «ለልጄ» ብሎ ኪሱ እንደሚከተው ያያሉ። ከዚያ ገብተው ለእኔ «ያቺ ቆሎዋን ኪሷ የከተተችው ትቅደም» ይሉኛል። አንድ ቀን ስቄባቸው ለምን በቀጥታ እንደማይጠይቁ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤

«ሰው ስለ አፉ በአፉ እውነት አይናገርም። መጀመሪያ አፍ ይከፈት፤ ወሬው ከዚያ ይደርሳል።»

እንዲህ ስንሠራ ቆይተን ዘመን ተለወጠና ዶክተር ብሩክ የሚባል ወጣት ኃላፊ መጣልን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ማለት ይኖርብኛል። ውጭ አገር ሥልጠና ወስዶ እንደተመለሰ ስብሰባ ጠራና «እስካሁን ስንት ጥርስ እንደተበላሸ ስንቆጥር ኖረናል፤ ጥርሱ የተበላሸበት ሰው እንዴት እየኖረ እንደሆነ ግን ለክተን አናውቅም» አለን። ንግግሩ ልቤን ነካው። ስንት ሰው አይቼ ነበር፤ ከሥራ የቀረ፣ ከማኅበር የራቀ፣ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ማውራት የተወ። ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ «አንድ ጥርስ ተነቅሏል» ከመባል በቀር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

ልኬቱ አሥራ ስድስት ጥያቄ ያለው ፎርም ነበር። በአፍዎ ምክንያት ያቆሙት ምግብ አለ ወይ፣ ለመሳቅ ያፍራሉ ወይ፣ ሥራዎ ተጓድሏል ወይ፣ ሐሳብ ይይዝዎታል ወይ እያለ ይቀጥላል። መልሱ አራት ነው፤ በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። በፍጹም ዜሮ፣ ሁልጊዜ ሦስት ይያዝለታል። ቤት ለቤት ሄደን አዋቂዎችን እንጠይቅና ድምሩ ከፍ ላለለት ሰው የቀጠሮ ካርድ እንሰጠዋለን፤ ጤና ጣቢያ መጥቶ አፉ ይታያል፣ ይታከማል። ድምሩ ዝቅ ያለው ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ለሁሉም የሚዳረስ ማደንዘዣም ሰውም ስላልነበረን አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ግድ ነበር።

ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አድርገው ፎርሙን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጉርሻስ የት አለ?» አሉ። «የለቅሶ ቤት ንፍሮስ? እልልታስ? የዚህ አገር ሰው አፉን የሚሠራበት እኮ እዚያ ነው።»

«ጋሽ ንጋቱ፣ ፎርሙ የተጠና ነው» አለ ዶክተር ብሩክ። «አንድ ጥያቄ ከጨመርን ከሌሎች አገሮች ጋር ማወዳደር አንችልም።»

«ከሌላ አገር ጋር ተወዳድረን ምን ልናገኝ ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔ ከዶክተሩ ወገን ሆንኩ። ከመተላለፊያ ቆሎ ይልቅ ቁጥር የሚሻል መሰለኝ። ከጠያቂዎቹም አንዷ እኔ እንድሆን ስመረጥ ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ፎርሙን በክሊፕ ይዤ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ስወጣ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

መጀመሪያ ላይ በጣም ሠራ። ባምቢስ አካባቢ የሚሠራ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ የፊት ጥርሶቹ ረግፈው ፊሽካ መንፋት አቅቶት መኪና የሚያስወጣው እጁን እያወናጨፈ ነው። አለቃው ሰነፍ እያለ ይሰድበው ነበር። መስቀል ፍላወር አንድ ሬስቶራንት የምታስተናግድ ልጅ ደግሞ ትእዛዝ የምትቀበለው መሬት መሬት እያየች ነበር።

«በቃ ሲስተር፣ ማለቴ፣ ደንበኛው ሁሉ ኩሩ ናት ነው የሚለኝ» አለችኝ። «ኩራት አይደለም እኮ። የፊት ጥርሴ ነው።»

ለሁለቱም ነጥባቸው ከፍ ብሎ ካርድ ሰጠኋቸው፤ ለሁለቱም ተሠራላቸው። ልጅቷ ከወር በኋላ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥታ ልትስቅልኝ ብቻ ቆመች። ያን ቀን የልጅቷን ፎርም ጋሽ ንጋቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬላቸው ወጣሁ።

ችግሩን ያየሁት ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ስደርስ ነው። ወጣቱ የሚያመውን ይናገራል። ዕድሜው የገፋው ሰው ግን ምንም ብትጠይቁት መልሱ «ተመስገን» ነው። ሕመም አለብዎት? ተመስገን። ማኘክ ያስቸግርዎታል? ምን ይደረጋል፣ ተመስገን። ፎርሙ አራት ሳጥን ነው ያለው፤ ተመስገን የሚል ሳጥን የለውም። ዶክተር ብሩክን ጠየቅኩት።

«አለብኝ ካላሉ የለባቸውም ማለት ነው» አለኝ። «ከራሳችን ግምት መጨመር የለብንም፤ ግምት ከገባበት ልኬት መሆኑ ቀረ።»

እንደ ትምህርቱ ከሆነ ልክ ነበር። እኛ ጠያቂዎቹ ግን የዚህ አገር ልጆች ነን። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ተመስገን ሲል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ትርጉሙ ምን እንደሆነ የሚነግረን አንፈልግም ነበር። እያወቅን ዜሮ ስንጽፍ ከረምን። እኔም ጻፍኩ።

እንዲህ እያልን ሁዳዴ ገባ። ጥናቱ የጊዜ ገደብ ስለነበረው ጾም ነው ብሎ ያቆመ የለም። አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ የቀበሌ ቤት ደረስኩ። እትዬ ዘነበች የሚባሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባልቴት በር ከፈቱልኝ። የነጠላቸው ጫፍ አፋቸው ላይ ነበር። አቧራውን ሸሽተው መሰለኝ።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ፀሐዩ በላሽ» አሉኝ።

ገና ሳልቀመጥ በሳህን ሙሉ ቆሎ አቀረቡልኝ። ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ሱፍ ያለበት፣ ትኩስ ነበር። ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። «ሻይ ነው፣ ልቅዳልሽ?» አሉኝ። አመስግኜ ቆሎውን ጀመርኩ።

«እርስዎስ?»

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነኝ። አንቺ የሥራ ሰው ነሽ፣ ብዪ።»

ጥያቄውን ቀጠልኩ። በአፍዎ ምክንያት መብላት ያቆሙት ምግብ አለ?

«ሁዳዴ አይደል? ሁሉንም አቁሜያለሁ» ብለው በነጠላው ውስጥ ሳቁ። እኔም ስቄ በፍጹም ላይ ምልክት አደረግኩ።

ከሰው ጋር ቀርበው መብላት ትተዋል?

«ከማን ጋር ልብላ? አንድ ልጄን በጥር ዳርኳት፤ አሁን ብቻዬን ነኝ። ተመስገን።» በፍጹም።

ሕመምስ?

«ሰው ሆኖ የማያመው ማን አለ ልጄ? ተመስገን።» በፍጹም።

አሥራ ስድስቱም እንዲሁ አለቁ። ባትሪዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። የአፍ መስታወትም ነበረኝ። አፍ ማየት ግን የቤት ለቤቱ ሥራ አልነበረም፤ ሌሎች አራት ቤቶችም ይጠብቁኝ ነበር። ተነሥቼ እያመሰገንኩ «ይኸው እትዬ ዘነበች፣ ደህና ነዎት» አልኳቸው።

«ደህና ነሽ አልሽኝ?»

«አዎ። ነጥብዎ ዜሮ ነው። ዜሮ ጥሩ ነው።»

 እትዬ ዘነበች «እንዲህ ከሆነማ ጥሩ ነው» አሉና የተረፈኝን ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉልኝ። መንገድ ላይ እየበላሁት ሄድኩ።

ሪፖርቱ እዚያው ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። ዶክተር ብሩክ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ በሰፈሩ በዕድሜ የገፉ እናቶች ከወጣቶቹ የተሻለ ነጥብ እንዳገኙ አስረዳ። ጥርሳቸው ቢያልቅም ኑሯቸው አልተጓደለም፤ ይህም የማኅበራዊ ሕይወታችን ጥንካሬ ነው አለ። ተጨበጨበ። ጋሽ ንጋቱ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያመሰገነውን ሁሉ ጤነኛ አደረጋችሁት» አሉኝ። ተናደድኩባቸው። ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም ብዬ አለፍኩት።

ዓመት አልፎ በሁለተኛው የበጋ ወራት አንድ ጠዋት ጋሽ ንጋቱ እንደ ልማዳቸው ቆሎ እያደሉ ወረፋውን ሲያልፉ አንዲት ሴት ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቆሎውን አልዘረጉላቸውም። «እርስዎ ይግቡ» ብቻ አሉ። ሴትየዋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ገቡ። ሲገልጡት የግራ ጉንጫቸው አብጦ፣ ከመንጋጋቸው ሥር የእንቁላል ያህል ነገር ወጥቶ ነበር። ምራቃቸውን መዋጥ ስለማይችሉ በመሐረብ እየተቀበሉት ነው። እትዬ ዘነበች ነበሩ።

ጋሽ ንጋቱ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ታጠቡ። እኔ ባትሪውን ያዝኩ። ከምላሳቸው ጎን የጀመረው ቁስል የአፋቸውን ወለል ይዞ፣ ድዱን በልቶ፣ መንጋጋው ጋ ደርሷል። የቁስሉ ጠርዝ እንደ እንጨት ደርቋል። ጋሽ ንጋቱ ከመንጋጋቸው ሥር በሁለት ጣት ሲነኩ እብጠቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ካንሰር ነበር፤ የዘገየ ካንሰር።

«መቼ ጀመረዎት?» አሏቸው።

ንግግራቸው ይጎተት ነበር። «ቆየ። ከልጄ ሰርግም በፊት ነው፤ ያኔ ትንሽ ቁስል ነበረች። በቅርንፉድ ይዣት ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ሲስተር፣ አንቺ ነሽ አይደል? ደህና ነዎት ስላልሽኝ፣ እንግዲህ ይድናል ብዬ ጠበቅኩ።»

ወቀሳ አልነበረውም። ስሜን እንደሚያስታውስ ሰው ደስ ብሏቸው ነው የተናገሩት። ጋሽ ንጋቱ ባትሪውን ከእጄ ወሰዱት።

ሪፈር ተጻፈላቸው። ትልቁ ሆስፒታል ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ከቀጠሮው በኋላ ሌላ ቀጠሮ፤ በመጨረሻም ለቀዶ ሕክምና የዘገየ መሆኑን ነገራቸው። ክረምቱን አልጨረሱም። ዕረፍታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ሪፈሩ የተጻፈ ዕለት ግን ጋሽ ንጋቱ በሩን ዘግተው የእትዬ ዘነበችን ፎርም ከማኅደር እንዳመጣ አዘዙኝ። አመጣሁ። አሥራ ስድስቱንም ዜሮ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ሁዳዴ ላይ ነው የጠየቅሻቸው?»

«አዎ።»

«ቆሎ አቀረቡልሽ?»

«አዎ።»

«እሳቸውስ በሉ?»

«እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ አሉኝ።»

«ቤቱስ ምን ምን ይል ነበር?»

ቅርንፉድ አልኳቸው። ሻይ ነው እንዳሉኝም ነገርኳቸው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። ጋሽ ንጋቱ ፎርሙን አጥፈው መለሱልኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አንስተው አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ቆሎ ሲያድሉ ለእኔም እንደወትሮው ዘረጉልኝ፤ አልወሰድኩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሁለተኛ አልወሰድኩም። ሲሞቱ ለቅሶ ቤታቸው ሄጄ ንፍሮውን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ።

ፎርሙን ወደ ማኅደር አልመለስኩትም። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁስል ማሰሪያው ጎዝ ሥር አስቀመጥኩት፤ እዚያው ከእኔ ጋር ዓመታት ቆየ። ዶክተር ብሩክ አድጎ ሌላ ቦታ ሄደ። ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ የእትዬ ዘነበች ዜሮም በአማካዩ ውስጥ ገብታ ሰፈሩን ጤነኛ እንዳስባለች ቀረች። እርማት የሚባል ነገር ይደረግ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። አንድ ሰው አማካይ አያናውጥም ተባልኩ።

ከጋሽ ንጋቱ በኋላ እኔም ቆሎ ኪሴ መያዝ ጀምሬ ነበር። አልተሳካልኝም። ወረፋ የያዘው ሰው ስልኩን ነው የሚያየው። አንዷ ወጣት «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ሃይጂን ምናምን...» ብላ እጇን ሰበሰበች። እውነቷን ነው። የሰው እጅ የነካውን የሰው አፍ የማይቀበልበት ዘመን ደርሰን ነበር። ጋውኔን ሳጥብ ከኪሱ ሽምብራ እየለቀምኩ ጥቂት ወራት ቆይቼ ተውኩት።

አንድ ጊዜ ልጃቸውን ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቅ ወስኜ ካዛንቺስ ሄድኩ። ቤቱ የለም። ሰፈሩ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ቁፋሮ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ያለ ባለ ሱቅ «ተነሥተዋል እኮ፣ ለልማት» አለኝ። «ከፊሉ ጀሞ ነው፤ ሌላው የት እንደገባ እኔም አላውቅ።» እፎይ ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጠፉ ማለት መናገር አይጠበቅብኝም ማለት ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ አንዲት ሴት የጥርስ ሕመም ይዟት ገባች። ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት ቆማ ትመለከተኝ ጀመር።

«አያውቁኝም ሲስተር። የእትዬ ዘነበች ልጅ ነኝ፣ የካዛንቺሷ። መስከረም እባላለሁ። አሁን የምንኖረው ሩቅ ነው፤ ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት። እናቴ የታየችው እዚህ ስለሆነ ሌላ ቦታ መሄድ አልሆነልኝም።»

ቁጭ አለች። እኔም ቆሜ መቆየት ስላልቻልኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለች። «እኔ ሳገባ እናቴ እልል አላለችም። በሰፈሩ እልልታዋ የታወቀ ነበር፤ ለሰው ልጅ ሁሉ እልል ስትል ኖራ ለእኔ አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀመጠች። ባለቤቴ ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ንቃው ነው ብዬ ተቀየምኳት። በቃ፣ መምጣት ተውኩ። ለበዓል ብቻ ነበር የምመጣው፤ ስመጣም ከእኔ ጋር ቀርባ አትበላም፤ ያንንም ቂም ነው ብዬ ያዝኩባት። እንደታመመች ያወቅኩት ፊቷ ካበጠ በኋላ ነው።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ጎረቤቶቻችን ሲያወሩ፣ ሳትታመም... ማለቴ፣ ሳይብስባት በፊት ከጤና ጣቢያ ሲስተር መጥታ ስለ አፏ ስትጠይቃት ነበር ብለውኛል። እርስዎ ነዎት አሉ። ለእኔ አልነገረችኝም፤ የተቀየምኳት እኔ ነኝ፣ ይገባኛል። ለእርስዎስ ነግራዎት ነበር? ለአንድ ሰው እንኳ ተናግራ ከሆነ ማወቅ ነው የምፈልገው።»

ፎርሙ ከክርኔ በታች መሳቢያው ውስጥ ነበር። ላሳያት እችል ነበር። አሥራ ስድስት ዜሮ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ። እናትሽ ለማንም አልተናገረችም፣ እኔም አልሰማኋትም፣ ብቻዋን ይዛው ሄደች ብላት እውነቱ ያ ነበር።

«ነግራኛለች» አልኳት።

«ምን አለችዎት?»

ጥያቄዎቹን በቃሌ ስለማውቃቸው ከላይ ጀምሬ መለስኩላት። ጠንካራ ነገር ማኘክ አልችልም ብላኛለች። ሲያመኝ ቅርንፉድ ነው የምይዝበት ብላኛለች። ከሰው ጋር መብላት ትቻለሁ፣ ልጄ ፊት እንኳ እሳቀቃለሁ ብላኛለች። ስስቅ አፌን እሸፍናለሁ ብላኛለች። በልጄ ሰርግ እልል ልል ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ ብላኛለች። ይህኛው ፎርሙ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው። መስከረም እያንዳንዱን እየሰማች ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔ የማወራው ውሸት ይሁን እውነት ለራሴም ጠፋኝ። እትዬ ዘነበች በራሳቸው ቤት፣ ከራሳቸው ሳህን አንድ ፍሬ ቆሎ ሳያነሡ ፊቴ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በላይ ምን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር?

«ተመስገን» አለች በመጨረሻ። «ተመስገን። ለአንድ ሰው ተናግራለች።»

ፊቷን ጠራረገች፣ ተነፈሰች፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለች። ከዚያ ሐሳቡ ድንገት እንደመጣላት ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች።

«ታዲያ ሲስተር፣ ይህን ሁሉ ስትነግራችሁ ምን አደረጋችሁላት?»

ተነሥቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ውሃው እስኪሞቅ ጠበቅኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤ ጓንት አጠለቅኩ። ተመልሼ ስመጣ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነበር። ባትሪዬን አበራሁና «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት።